ያልተደረገው ግጥሚያ፤ ከካርቱም እስከ ባርሴሎና

ከጎንደር ተነሥቶ በጭልጋ አድርጎ ወደ ምዕራብ ቆላ የሚወርድ መንገደኛ፣ ሸኽዲን አልፎ መተማ ዮሐንስ ሲደርስ፣ የኢትዮጵያ ምድር የሚያበቃው በአንዲት ፈፋ ዳር መሆኑን ያያል። ከድልድዩ ማዶ ያለችው የሱዳን ከተማ ጋላባት ትባላለች። ከጋላባት በዶካ በኩል 150 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ፣ ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ማሽላና ሰሊጥ የሚታረስበት የገዳሪፍ ሜዳ ይገኛል። በዚህ መንገድ ነጋዴው ዕቃውን ጭኖ፣ የቀን ሠራተኛው ለሰሊጥ አጨዳ፣ ስደተኛውም ነፍሱን ለማዳን ሲመላለስ ኖሯል።

የታሪክ መምህር ስለዚህ ጠረፍ ሲያስተምር አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሣው ጦርነትን ነው፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በ1880 ዓ.ም. የማህዲስቶች ጦር በዚህ በኩል ዘልቆ ጎንደርን አቃጠለ፤ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመተማ ጦር ሜዳ ቆስለው ዐረፉ። ከግማሽ ምእት ዓመት በኋላ ግን ይኸው ድንበር የነፃነት በር ሆነ። በጥቅምት 1933 ዓ.ም. በጋላባትና በመተማ መካከል በጣሊያን ጦር ላይ ውጊያ ተከፈተ፤ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ደግሞ ከካርቱም የተነሡት ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዚያ ወደ ደቡብ ባለው በኦሜድላ በኩል ተሻግረው በአገራቸው ምድር ሰንደቅ ዓላማ ተከሉ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።)

እነዚህ ሁለት ጎረቤቶች ግን ከጦርነቱ ሌላ በትምህርት ቤት ብዙ የማይነገር አንድ የጋራ ታሪክ አላቸው። ይኸውም ሁለቱ በአንድነት ቆመው በር የዘጉበት፣ በዚህም ምክንያት ሳይደረግ የቀረ የአንድ እግር ኳስ ግጥሚያ ታሪክ ነው።

ሱዳን ነፃነቷን ያወጀችው በታኅሣሥ 1948 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን ጉባኤ በሊዝበን ሲሰበሰብ፣ የግብጽ፣ የሱዳንና የደቡብ አፍሪቃ ልዑካን ተገናኝተው አፍሪቃ የራሷ ማኅበርና የራሷ ዋንጫ ሊኖራት ይገባል ሲሉ ተመካከሩ። ከሱዳን በኩል በዚህ ጉዳይ ከደከሙት አንዱ ሐኪሙ ዶክተር አብደል ሐሊም መሐመድ ነበሩ። ምክሩም ፍሬ አፍርቶ ጉባኤው የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. በካርቱም ተሰበሰበ፤ ኢትዮጵያም አራተኛዋ መሥራች ሆነች። ከአገራችን ልዑካን መካከል የባለቅኔው የተሰማ እሸቴ ልጅ፣ የቀድሞው የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ይገኙበት ነበር። የግብጹ አብደል አዚዝ ሳሌም የኮንፌዴሬሽኑ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ የመጀመሪያው ዋንጫም በስማቸው ተሰጠ።

ውድድሩ በአራት አገሮች መካከል እንዲሆን ታስቦ ነበር። ግብጽ ከሱዳን፣ ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪቃ ተጋጥመው አሸናፊዎቹ ለዋንጫ ይደርሳሉ ተባለ። ነገር ግን በደቡብ አፍሪቃ አፓርታይድ የተባለው የዘር መለያየት ሥርዓት ሕግ ሆኖ ተደንግጎ ስለ ነበረ፣ የዚያች አገር ፌዴሬሽን ነጭና ጥቁር ተጫዋቾችን በአንድ ቡድን አሰልፎ ሊልክ አልፈቀደም። ሌሎቹ መሥራቾችም በቀለም የተከፈለ ቡድን አንቀበልም አሉ። ደቡብ አፍሪቃ ከውድድሩ ወጣች፤ በኋላም ከኮንፌዴሬሽኑ ተሰረዘች።

ይህ ውሳኔ ዋጋ የሌለው አልነበረም። ሱዳን ነፃ ከወጣች ገና አንድ ዓመት ከጥቂት ሳምንታት የሆናት አገር ነበረች። የመጀመሪያውን የአፍሪቃ ዋንጫ በዋና ከተማዋ ስታዘጋጅ ድግሱ እንዲያምርላት መመኘቷ የታወቀ ነው። ከአራት እንግዶች አንዱ ሲጎድል ግን ውድድሩ በሙሉ ሁለት ጨዋታ ብቻ ሆኖ ቀረ። የካቲት 3 ቀን ግብጽ ሱዳንን 2 ለ 1 አሸነፈች። ኢትዮጵያ ተጋጣሚዋ በመቅረቱ ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ ደረሰች፤ የካቲት 9 ቀንም በግብጽ 4 ለ 0 ተሸነፈች። አራቱንም ግቦች ያስቆጠረው አድ ዲባ የተባለው ግብጻዊ ነበር። ባለቤቷ አገር በመጀመሪያው ጨዋታ ወደቀች፣ ኢትዮጵያም ባዶ እጇን ተመለሰች። ይሁን እንጂ በስፖርት ሜዳ ላይ ደቡብ አፍሪቃን በዘር መድልዎዋ ምክንያት በማገድ ረገድ ይህ አዲስ ማኅበር ከታላላቆቹ የዓለም ድርጅቶች ቀደመ። የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን እገዳ የጣለው ከአራት ዓመት በኋላ ሲሆን፣ የኦሊምፒክ ኮሚቴው ደግሞ ከዚያም ዘግይቷል።

ድሉ ኋላ መጣ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ፣ አቶ ይድነቃቸው ያሠለጠኑት ቡድን ያንኑ የግብጽ ቡድን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፈ። ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ ከሆነ በኋላ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ድሉን አረጋገጡ፤ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎም ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። የሱዳን ተራ የደረሰው የካቲት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ነው። ያ ቀን የመጀመሪያው የፍጻሜ ጨዋታ ከተደረገ ልክ 13 ዓመት የሞላበት ነበር፤ በዚያው በካርቱም ሱዳን ጋናን 1 ለ 0 አሸንፋ የአፍሪቃ ሻምፒዮን ሆነች። በዚያን ጊዜ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ዶክተር አብደል ሐሊም ነበሩ፤ በ1964 ዓ.ም. ወንበሩን የተረከቡት ደግሞ አቶ ይድነቃቸው ናቸው።

በካርቱም የተጀመረው ክርክር ግን በእግር ኳስ ብቻ ተወስኖ አልቀረም። የዓለም የኦሊምፒክ ኮሚቴ ደቡብ አፍሪቃን ከቶኪዮ ጨዋታ ካስቀረ በኋላ፣ በየካቲት 1960 ዓ.ም. ለሜክሲኮው ጨዋታ እንደገና ሊቀበላት ወሰነ። የአፍሪቃ አገሮች፣ ኢትዮጵያም ጭምር፣ እርስዋ ከመጣች እኛ እንቀራለን አሉ። ይህን የምትለው ኢትዮጵያ በሮምና በቶኪዮ በአበበ ቢቂላ ድል ስሟ የገነነ አገር መሆኗን ማስታወስ ያሻል፤ የምታጣው ነገር ከብዙዎች ይልቅ የከበደ ነበርና። ኮሚቴው በሚያዝያ ወር ጥሪውን መልሶ አነሣ፤ ኢትዮጵያውያንም ሄዱ። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. አበበ በእግሩ ሕመም ምክንያት ሩጫውን ሲያቋርጥ፣ የ36 ዓመቱ ማሞ ወልዴ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ማራቶንን አሸነፈ። ከዚያ አራት ቀን ቀደም ብሎ በዚያው ሜዳ ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ የተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን በሽልማት ሰገነት ላይ ጥቁር ጓንት ያጠለቀ እጃቸውን ጨብጠው ወደ ላይ በማንሣታቸው ከቡድናቸው ተባረሩ።

ብርቱው ፈተና የመጣው በሞንትሪያል ነው። በሰኔ 1968 ዓ.ም. በሶዌቶ ተማሪዎች በጥይት በወደቁበት ወራት የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪቃን ይጎበኝ ነበር። የአፍሪቃ አገሮች ኒውዚላንድ ከኦሊምፒክ ትውጣ ብለው ቢጠይቁ፣ ራግቢ የኦሊምፒክ ስፖርት አይደለም የሚል መልስ ተሰጣቸው። ሐምሌ 10 ቀን ጨዋታው ሲከፈት ከ20 የሚበልጡ የአፍሪቃ አገሮች አልተሰለፉም። ኢትዮጵያና ሱዳን ዳግመኛ በአንድ ወገን ቆሙ። በዚያው ከተማና በዚያው ሰሞን የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን ጉባኤ ደቡብ አፍሪቃን ጨርሶ አስወጣ።

የዚህ ሁሉ ዕዳ ከፋይ ማን ነበር? በሙኒክ በ10,000 ሜትር ሦስተኛ የወጣው ምሩፅ ይፍጠር በሞንትሪያል በጕልበቱ ሙሉነት ሊሮጥ ይችል ነበር፤ ግን አልሮጠም። የሯጭ ዘመን እንደ አበባ ወራት አጭር ነው፤ አራት ዓመት ያመለጠው ብዙ ጊዜ ሁሉም ያመልጠዋል። ስለዚህ ስፖርትን ከፖለቲካ ጋር አትቀላቅሉ የሚሉት ሰዎች ነገራቸው ፈጽሞ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ፖለቲካን አስቀድሞ ወደ ሜዳ ያስገባው ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ መልሱ ግልጽ ነው። ልጅ በመልኩ ምክንያት ከጓደኛው ጋር ኳስ እንዳይጫወት ሕግ ያወጣው መንግሥት ነው። ያንን ሕግ እንዳላየ ሆኖ መጫወትም ራሱ ፖለቲካ ነበር።

ምሩፅ ዕድለኛ ሆኖ አራቱን ዓመት ታገሠ። በሐምሌ 1972 ዓ.ም. በሞስኮ የ10,000 እና የ5,000 ሜትር ሩጫዎችን አሸነፈ፤ በመጨረሻው ዙር ፍጥነቱን ስለሚለውጥ «ማርሽ ቀያሪው» የተባለበት ስም ዓለምን ዞረ። ሆኖም በዚያ ጊዜ ሱዳን በሞስኮ አልነበረችም፤ የሶቪየት ጦር አፍጋኒስታን መግባቱን በመቃወም ከቀሩት አገሮች ጋር ቀርታ ነበር። በ1976 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ደግሞ ሱዳን ስትገኝ ኢትዮጵያ የሶቪየት ወገንን ተከትላ ቀረች፤ በ1981 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተደረገው ከሴኡል ጨዋታም ቀረች።

ታሪክ ጸሐፊ እዚህ ላይ መለየት ይገባዋል፤ መቅረት ሁሉ አንድ አይደለምና። የካርቱሙ እምቢታ የመነጨው በሜዳው ላይ ከተፈጸመ በደል ነበር። የሎስ አንጀለሱና የሴኡሉ ግን በሌሎች ጠብ ወገን ለይቶ መቆም ነበር፤ ዕዳው ያው በሯጮች እግር ላይ ሲወድቅ፣ ነፃ የወጣ ሰው አልታየም። ኢትዮጵያ ከሎስ አንጀለስ በቀረችበት ዓመትና በሚከተለው ዓመት ድርቅና ጦርነት ያፈናቀለው ሕዝብ በእግሩ እየተጓዘ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ይጎርፍ ነበር። በገዳሪፍ አካባቢ እንደ ኡም ራኩባ ባሉ የስደተኞች ሰፈሮች የተጠለለው ሰው፣ የሁለቱ መንግሥታት ወገን መለያየት ጥማቱን አላበረደለትም።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት እንደ ሆኑ በነሐሴ 1979 ዓ.ም. ዐረፉ። በካርቱም የዘጉት በር በትክክለኛው ቍልፍ ሲከፈት ለማየት አልታደሉም። አፓርታይድ ሲፈርስ ደቡብ አፍሪቃ ወደ ኦሊምፒክ የተመለሰችው ከ32 ዓመት በኋላ በባርሴሎና ነው። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በሴቶች የ10,000 ሜትር ሩጫ ሁለት ሯጮች ከሌሎቹ ተለይተው ወጡ። አንዷ ነጯ ደቡብ አፍሪቃዊት ኤላና ማየር፣ ሌላዋ የአርሲዋ ልጅ ደራርቱ ቱሉ ነበሩ። ደራርቱ ከማየር ኋላ ኋላ ስትከተል ቆይታ የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል አልፋት ሄደች፤ በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪቃዊት ሴትም ሆነች። ከዚያ በኋላ አሸናፊዋና ተሸናፊዋ ተቃቅፈው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። በ1949 ዓ.ም. በካርቱም ሊደረግ ያልቻለው የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪቃ ግጥሚያ፣ በሌላ ስፖርትና በሌላ ከተማ ቢሆንም፣ ከ35 ዓመት በኋላ ተደረገ ማለት ይቻላል። በ1988 ዓ.ም. ደግሞ ነጭና ጥቁር የተሰለፈበት የደቡብ አፍሪቃ ቡድን በገዛ አገሩ የአፍሪቃን ዋንጫ ወሰደ።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ፣ የመተማዋን ፈፋ ሱዳናውያን በተራቸው ወደ ኢትዮጵያ ተሻገሩ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ብሂል በዚያ ድልድይ ላይ ብዙ ጊዜ ተፈትኗል።

መምህራን ይህን ታሪክ ሲያስተምሩ ለተማሪው አንድ ቀላል ጥያቄ ቢያቀርቡለት ይጠቅማል። በካርቱም ያሸነፈው ማን ነበር? የውጤት መዝገቡ ግብጽ 4፣ ኢትዮጵያ 0 ይላል፤ ልጁም ይህን በትክክል ቢመልስ ማርኩ ሊሰጠው ይገባል። ቀጥሎ ግን ሁለተኛውን ጥያቄ ይጠየቅ። አራት አገር በተጠራበት ውድድር ሁለት ጨዋታ ብቻ የተደረገው ስለ ምንድን ነው? ይህን ለመመለስ ልጁ መዝገቡን ዘግቶ ማሰብ ይኖርበታል።