ፊኒየስ ጌጅን የወጋው ዘንግ
ብረት፤ ርዝመት 109 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደት 6 ኪሎ ግራም ገደማ
ዋረን የአናቶሚ ሙዚየም፣ ቦስተን

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 13 ቀን 1848 በአሜሪካ ቬርሞንት፣ የሐዲድ ሠራተኞች አለቃ የነበረው የ25 ዓመቱ ጌጅ ባሩድ ሲጠቀጥቅ ፈነዳበት። በባለሙያ ያሠራው ይህ ዘንግ በግራ ጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ፤ የፊተኛውን የአንጎል ክፍሉንም ጎዳው። ከደቂቃዎች በኋላ ግን ተነሥቶ ተናገረ።

ሐኪሙ ጆን ሃርሎው ጠባዩ መለወጡን ጻፈ፤ ብዙ የሕክምና መጻሕፍትም ይህንኑ ብቻ ሲደጋግሙ ኖሩ። ይህ ለጌጅ ፍትሐዊ አይደለም። ከአደጋው በኋላ በቺሊ ለዓመታት የመንገደኞች የፈረስ ሠረገላ ነድቷል፤ ትዕግሥት፣ ዕቅድና ከሰው መግባባት የሚጠይቅ ሥራ ነው! የተጎዳ አንጎልም ዳግም ሊማር ይችላል። በ1860 በሳን ፍራንሲስኮ ያረፈው የሚጥል በሽታ ተደጋግሞ ከተነሣበት በኋላ ነበር።