የመተማ ሰሊጥ በማን ስም ይሸጣል?

መተማ ሲባል ታሪክ ያነበበ ሁሉ አፉ ላይ ቀድሞ የሚመጣለት መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም ነው፤ ዐፄ ዮሐንስ ለሞት ባበቃቸው ጥይት የተመቱበት ዕለት። (ዘመን የምንቆጥረው በአገራችን ነው፤ የፈረንጅ ሲሆን እንናገራለን።) ስለዚያ ጦርነት ብዙ ተብሏልና እኛ አንደግመውም። ዛሬ የምናነሳው እዚያው ቆላ ውስጥ ያለ ነጋሪት የሚካሄድ ሌላ ሙግት ነው። አንድ ዕውቀት የማን ነው? አንድ ስምስ የማን ነው? የሕግ ሰዎች የአእምሮ ንብረት የሚሉት ጉዳይ ማለት ነው። ነገሩ የመድኃኒት ፋብሪካና የኮምፒዩተር ወሬ ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ስለሆንን፣ እስቲ ወደ ሰሊጡ እርሻ እንውረድ።

ከመካከላችን ጥቂቶቻችን የዚያ አገር ልጆች ነን። የቀረነውም አንድ ዓመት በመስከረም መጨረሻ ከጎጃምና ከደጋው ጎንደር ከሚወርዱት የቀን ሠራተኞች ጋር ከገንዳ ውሃ ወዲያ ሰሊጥ አጭደናል፤ ወገባችን ይመስክር። ሰሊጥ እንደ ማሽላ አይታገሥም። ፍሬውን የያዘው ከረጢት ከደረቀ አፉን ይከፍትና ዘሩ መሬት ላይ ይፈሳል። ቀድሞ ከታጨደ ደግሞ ፍሬው ቀጭጮ ይቀራል። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ የጥቂት ቀናት ጉዳይ ነው። ያጨድንላቸውን አዛውንት «አባቴ፣ ቀኑን በምን ያውቁታል?» ብንላቸው፣ «ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ የታችኛው ፍሬ አንድ ሁለቱ አፉን ሊከፍት ሲል ነዋ! ደሞ መሬቱም ይለያያል፤ ሁሉን ባንድ ቀን አታጭደውም» አሉን። ከታጨደ በኋላ ነዶው እየተደጋገፈ ይቆማል፤ ሂላ ይሉታል። አቋቋሙ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ነፋስ ማስገባት አለበት፣ መውደቅ ግን የለበትም። እኛ ያቆምነው ሁለት ጊዜ ወደቀ። ሲደርቅ ሸራ ላይ ገልብጦ ማራገፍ ነው። አዛውንቱ ይህን ከመጽሐፍ አላገኙትም፣ ከማንም ቢሮም አልተላከላቸውም።

ፓተንት የሚባለው ነገር ጥንት ሲፈጠር እንዲህ ያለውን ሰው አስቦ አልተፈጠረም። እንደ ፈረንጆቹ ቆጠራ በ1474 የቬኒስ መንግሥት ባወጣው ሕግ፣ አዲስ መሣሪያ ሠርቶ ያስመዘገበ ሰው ለ10 ዓመት ሌላው እንዳይሠራበት መብት ያገኝ ነበር። የዛሬው ሕግ የዚያ ልጅ ነው፤ በብዙ አገር ዘመኑን 20 ዓመት አድርሶታል። በእኛም አገር በ1987 የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ነገሩ አዲስ ይሁን፣ የፈጠራ ብልሃት ይኑረው፣ ለኢንዱስትሪ ይዋል። ዘዴው ክፉ አይደለም። ምስጢሩን የገለጠ ይካሳል፣ ሕብረተሰቡም ውሎ አድሮ ዕውቀቱን ይወርሳል። ነገር ግን «አዲስ» የምትለዋ ቃል በሩን በአዛውንቱ ላይ ትዘጋዋለች። ከአያት የተወረሰ አዲስ ሊባል አይችልም። ሕጉ «ፈልሳፊው» ሲል አንድ ሰው ይፈልጋል፤ እሳቸው ደግሞ ሲያወሩ «እኛ» ነው የሚሉት። እስከዚህ ድረስ ጉዳቱ እምብዛም አይታይም። የሚታየው ያው የቆየ ነገር ባሕር ተሻግሮ «አዲስ ነው» ተብሎ ሲመዘገብ ነው።

የጤፍን ጉዳይ ብዙዎቻችን ሰምተናል። በ1997 አንድ የሆላንድ ኩባንያ ከአገራችን የብዝሀ ሕይወትና የግብርና ምርምር መሥሪያ ቤቶች ጋር ጥቅም ለመጋራት ተፈራርሞ ዘር ወሰደ። ለካስ በጎን ፓተንት አመልክቶ ኖሯል፤ በ1999 የአውሮጳ ፓተንት መሥሪያ ቤት ሰጠው። በፓተንቱ የተያዘው ምን መሰላችሁ? ጤፍ ከታጨደ በኋላ ሳምንታት ቆይቶ ሲፈጭ ዱቄቱ ለመጋገር ይሻላል የሚለው ነገር፣ የላቦራቶሪ ቁጥር ተለጥፎበት። መቆየት! ጎተራን የሚያውቁ እናቶቻችን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን? ኩባንያው በ2001 ከሰረ፤ አገራችን እዚህ ግባ የማይባል ገንዘብ ብቻ አግኝታ ቀረች። ፓተንቱ ግን ከሰዎቹ እጅ አልወጣም። በኅዳር 2011 የሄግ ፍርድ ቤት በሆላንድ የነበረውን ፓተንት «የፈጠራ ብልሃት የለበትም» ብሎ ሻረው። እኛን የከነከነን ሌላው ነው፤ ያስጣለችው ኢትዮጵያ አይደለችም። ለዳቦ ቤቶች ቅመም የሚያቀርብ የዚያው አገር ድርጅት፣ ፓተንት ጣስክ ተብሎ ተከሶ ራሱን ሲከላከል ነው የወደቀው።

ስምም እንደ ዕውቀት ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መተማ የተክሩሮች ሰፈርና ትልቅ ገበያ ነበረች። የደጋው ቡና፣ ሰም፣ ቆዳ፣ የምናፍርበት የሰው ንግድም ሳይቀር፣ በእሷ በኩል ወደ ሱዳን ይወርድ ነበር። ዕቃ ድንበር ሲያልፍ ያለፈበትን በር ስም ይይዛል፤ የሐረር ቡና እንኳ በየመኑ ወደብ ስም «ሞካ» እየተባለ ተሽጧል። ይህን ልማድ ለመስበር ኢትዮጵያ በ1997 ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ እንድታስመዘግብ አመለከተች። ስታርባክስ ደግሞ ሲዳሞ የሚል ቃል ያለበትን ምልክት ቀድሞ አመልክቶ ነበር። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር «ስሞቹ የወል መጠሪያ ናቸው» ብሎ ተከራከረ። የሲዳሞ ስም ለሲዳሞ ሰው የወል ሆነበት ማለት ነው እንግዲህ! ብዙ ጩኸት ከተጮኸ በኋላ በሰኔ 1999 ስታርባክስ የስሞቹን ባለቤትነት አውቆ ፈረመ። ቡና ገበሬው በማግሥቱ ሀብታም አልሆነም፤ ስሙ የማን እንደሆነ ግን በወረቀት ላይ ሰፈረ።

ሰሊጣችን እዚያ አልደረሰም። ነጋዴዎች «የሁመራ ዓይነት»፣ «የጎንደር ዓይነት»፣ «የወለጋ ዓይነት» ይሉታል። የወለጋው በዘይቱ፣ የሁመራውና የጎንደሩ በንጣቱና በጣዕሙ ለዳቦ ቤት ይፈለጋል። የመተማና የቋራው «ጎንደር» ከሚለው ውስጥ ገብቶ ይቀልጣል። በ2000 የተከፈተው የምርት ገበያም ሰሊጡን በዓይነትና በደረጃ መድቦ ሲያቀላቅል ግብይቱን እንዳቀላጠፈ አንክድም፤ የማን እጅ እንዳመረተው ግን ጆንያው ላይ አይነበብም ነበር። ገላባት የተሻገረ ኩንታል ደግሞ ገዳሪፍ ሲደርስ የሱዳን ነጭ ሰሊጥ ሆኖ ቁጭ ይላል። ዘሩም ቢሆን ታሪክ አለው። የሁመራ ግብርና ምርምር ማዕከል በ2003 ገደማ ያወጣቸው ሰቲት 1 እና ሁመራ 1 ተመርጠው የወጡት ከአገሬው ዘር ክምችት ነው። ተመራማሪዎቹ ለፍተውበታልና ስማቸው ይገባቸዋል። ከእነሱ በፊት በየዓመቱ መልካሙን ለዘር እየለየ ያስቀመጠው ገበሬስ?

ለዚህ ጥያቄ በ1998 መልስ ተሞክሯል። በዚያ ዓመት ሁለት አዋጆች ተከታትለው ወጡ። ቁጥር 481 ስለ ዘር አዳቃዮች መብት ነበር፤ ኋላ በሌላ ተተክቷል። ቁጥር 482 ግን ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት ነው። ዕውቀቱ ስላልተመዘገበ ብቻ ጥበቃ አያጣም ይላል፤ መንግሥት በገንዘብ ከሚያገኘው ጥቅም ግማሹ ለማኅበረሰቡ ነው ይላል። ስናነበው ደስ አለን። ደስታችን ግን «ማኅበረሰቡ ማነው?» እስክንል ድረስ ነበር።

እስቲ የመተማን እጣን ውሰዱ። ዛፉ የሚበቅለው ጉሙዙም፣ አማራውም፣ አገውም በሚኖርበት ቆላ ነው። ልጡን የሚልጡት ባለሙያዎች ግን ብዙዎቹ ለወቅቱ ከትግራይ የሚወርዱ ነበሩ። ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ግንቦት ድረስ ቅርፊቱን በስስ ይፍቁታል፣ ሙጫው ሲደርቅ ይለቅሙታል፣ ቁስሉን በየጥቂት ሳምንቱ እንደገና ያድሱታል። ከመጠን ያለፈ እንደሆነ ዛፉ ይጎዳል፤ በዛ ብሎ ከተፋቀ ዛፍ የሚገኘው ዘር የመብቀል ኃይሉ እንደሚደክም በጥናት ታይቷል። እንደ ፈረንጆቹ በ2019 የወጣ የኢትዮጵያና የሆላንድ ተመራማሪዎች ጥናትም ነገሩ እንዲሁ ከቀጠለ የእጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚወርድ ገምቷል። ባሕር ማዶ ደግሞ ከእጣን ዘመዶች ሙጫ በሚወጣው ቦስዌሊክ አሲድ ላይ ስንትና ስንት ፓተንት ተጽፏል፤ የኬሚስቱ ስም አለበት። ነገ ከመተማው እጣን ጥቅም ቢመጣ ግማሹ ለማን ሊሰጥ ነው? ዛፉ ለበቀለበት መንደር ወይስ አፋፋቁን ለሚያውቀው እንግዳ? እርስ በርሳችን ብዙ ተከራክረንበት አልተስማማንም።

አንድ ጊዜ ከእነዚያ ባለሙያዎች አንዱ ስለቱ ምን ያህል መግባት እንዳለበት በጥፍሩ ጫፍ ለክቶ አሳየን። እንጨቱን መንካት የለበትም። ከማን ተማርከው ስንለው «ካባቴ፤ እሱም ካባቱ» አለ። ደብተራችንን አውጥተን መጻፍ ስንጀምር ስለቱን አስቀምጦ አየን።

«ለምንድነው የምትጽፉት?»

«እንዳይጠፋ።»

«ማን ሊያነበው?» አለና ወደሚቀጥለው ዛፍ ሄደ።