ወፍጮና ጎተራ፦ የኮምፒዩተር ክፍሎች ስያሜ ታሪክና የገዢው ምርጫ

መግቢያ

የሙያ ቃል የሚመዘነው ለጆሮ በሚሰጠው ጣዕም ብቻ አይደለም። ተናጋሪው የሚፈልገውን ነገር ከማይፈልገው ለይቶ እንዲጠይቅ ማስቻሉም ዋነኛ መመዘኛው ነው። ይህ ሐሳብ በስያሜ ጥናት ዘንድ የታወቀ ቢሆንም ክብደቱን በሚገባ የተረዳነው ከአንድ ወጣት ዘመዳችን ገጠመኝ ነው። ወጣቱ ተማሪዎችን በማስጠናት ያጠራቀመውን ጥቂት ገንዘብ ይዞ፣ ጨዋታ የሚጫወትበትና ጨዋታውን በቪዲዮ የሚቀርጽበት ኮምፒዩተር ለመግዛት ወደ አንድ ሱቅ ሄደ። የጠየቀውም «ጥሩ ሲፒዩ፣ ሜሞሪው ሰፊ የሆነ፣ ቪዲዮ ካርድ ያለው» ብሎ ነበር።

የተሰጠውም ቃል በቃል የጠየቀው ነው። ሲፒዩ ተብሎ የቀረበለት መልከ መልካም ሣጥን፣ ሰፊ ሜሞሪ የተባለው 500 ጊጋባይት ዲስክ ሲሆን፣ ቪዲዮ ካርድ የተባለውም ምስልን ወደ ስክሪን ከማውጣት በቀር ለቀረጻ የማይረዳ ነበር። ቤቱ ወስዶ ሲሞክረው ጨዋታው ይጎተት፣ ቀረጻ ሲጀምርም ጨርሶ ይቆም ጀመር።

ጥፋቱን በሻጩ ላይ ብቻ ለመጣል አልደፈርንም። ሻጩ የተናገረው ሁላችንም ዘወትር በምንናገረው ቋንቋ ነውና። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የእነዚህን ቃላት አመጣጥ ባጭሩ እንመረምራለን፤ ከዚያም በታሪኩ ላይ ተመሥርተን ገዢውን የማያሳስት ስያሜ እንጠቁማለን።

1. ከ«ወፍጮ» ወደ «ሜሞሪ»

እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ቻርልስ ባቤጅ በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. አናሊቲካል ኤንጂን የተባለውን የስሌት መሣሪያ ሲነድፍ ሁለት ዐበይት ክፍሎች አበጀለት። ቁጥሮች የሚቀመጡበትን «ስቶር»፣ ቁጥሮች የሚሰሉበትን ደግሞ «ሚል» ብሎ ሰየመ። መሣሪያው በሕይወት ዘመኑ ተሠርቶ ባያልቅም ስያሜው ግን ያስተምራል። «ሚል» በእንግሊዝኛ የእህል ወፍጮንም የጨርቅ ፋብሪካንም ስለሚያመለክት በሁለቱም መንገድ ሊተረጎም ይችላል። ለእኛ የሚስማማን የወፍጮና የጎተራ ምሳሌ ነው፤ በአገራችን ጎተራን ከወፍጮ ጋር የሚያምታታ ሰው አይገኝምና። ጎተራ ስለ ሰፋ ወፍጮ አይፈጥንም፤ ወፍጮም ስለ ፈጠነ ጎተራ አይሞላም።

ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1945 እ.ኤ.አ.፣ ጆን ፎን ኖይማን ኤድቫክ ስለ ተባለው ኮምፒዩተር ባዘጋጀው ረቂቅ ዘገባ የመሣሪያውን ክፍሎች ከነርቭ ሥርዓት ጋር እያነጻጸረ ገለጸ፤ ለማስቀመጫውም «ሜሞሪ» የሚለውን ቃል ተጠቀመ። ቃሉ ውብ ነው፤ ይሁን እንጂ ጎተራ የነበረው ነገር የሰው አእምሮን ባሕርይ ተላበሰ። በመሣሪያው ውስጥ ሁለት ዐይነት ማስቀመጫ አለ። አንደኛው ኮምፒዩተሩ በሥራ ላይ እያለ ብቻ የሚይዝና ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ባዶ የሚሆን ሲሆን፣ በወፍጮው አፍ አጠገብ እንደ ቀረበ ቁና ሊቈጠር ይችላል። ሁለተኛው ኤሌክትሪክ ቢኖርም ባይኖርም ይዞ የሚቈይ ጎተራ ነው። በአማርኛ ደግሞ በስልክ ውስጥ የምትገባዋ ትንሽ ካርድ «ሚሞሪ» ትባላለች። እንግዲህ አንድ ቃል ለቁናውም ለጎተራውም ለኪስ ከረጢቱም ከዋለ፣ ገዢው የትኛውን እንደ ጠየቀ በምን ይታወቃል?

2. ሲፒዩና ሣጥኑ

«ሲፒዩ» ማዕከላዊውን የስሌት ክፍል የሚያመለክት ምሕፃረ ቃል ነው። በአገራችን ግን ከስክሪኑና ከኪቦርዱ ተለይቶ የሚቆመው ሣጥን በሞላው ሲፒዩ ሲባል ይሰማል። ይህ አጠራር ፈጽሞ እንግዳ ነው ማለት አይቻልም። በቀደሙት ታላላቅ ኮምፒዩተሮች ዘመን የስሌት ክፍሉ ራሱ ቁም ሣጥን የሚያህል ነበርና። ነገሩ የተለወጠው ኢንቴል በ1971 እ.ኤ.አ. 4004 የተባለውን፣ 2,300 ትራንዚስተሮች በአንዲት ስባሪ ሲሊኮን ላይ የያዘውን አስሊ ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ነው። ወፍጮው ከጥፍር አነሰ፤ ወፍጮ ቤቱ ግን ስሙን ይዞ ቀረ። በዚህም የተነሣ ያማረ ሣጥን የገዛ ሰው ጥሩ አስሊ የገዛ ይመስለዋል።

3. የ«ካርድ» ነገር

ክፍሎችን እየመረጡ ኮምፒዩተር ማሟላት በሰፊው የተለመደው አይቢኤም በነሐሴ ወር 1981 እ.ኤ.አ. የግል ኮምፒዩተሩን ካወጣ በኋላ ነው። መሣሪያው ተጨማሪ ክፍሎች የሚሰኩባቸው 5 ማስገቢያዎች ነበሩት፤ ሌሎች ድርጅቶችም ለእነዚህ የሚስማማ ክፍል ለመሥራት ቻሉ። ምስል ወደ ስክሪን የሚያወጣው ክፍል እንኳ በምርጫ የሚገዛ ነበር፤ አንደኛው ለጽሑፍ ብቻ፣ ሁለተኛው ለባለ ቀለም ሥዕል። ሁለቱም ጠፍጣፋ ስለ ነበሩ «ካርድ» ተባሉ። ስያሜው የወጣው ከመልካቸው እንጂ ከሥራቸው አይደለም። «ቪዲዮ» የሚለው ቅጽልም ወደ ስክሪን የሚሄደውን የምስል ምልክት እንጂ ቀረጻን አያመለክትም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ክፍሉ በጨዋታ ምክንያት እጅግ ተለወጠ። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው የስሪዲኤፍኤክስ ቩዱ ባለ ሦስት ገጽታ ሥዕልን ብቻ የሚያሰላ ስለ ነበረ ከሌላ ካርድ ጋር ተጣምሮ ይሠራ ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. ኤንቪዲያ ጂፎርስ 256ን «የዓለም የመጀመሪያው ጂፒዩ» ብሎ አስተዋወቀ፤ ነገር ግን ሶኒ ምሕፃረ ቃሉን በ1994 እ.ኤ.አ. ለፕሌይስቴሽን ተጠቅሞበት ነበር። ከዚህ ለመረዳት እንደሚቻለው ያ ክፍል ስዕል አስተላላፊ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ራሱ ወፍጮ ሆኗል፤ ይኸውም በአንድነት የሚፈጩ እጅግ ብዙ ትናንሽ ወፍጮዎች ስብስብ ነው። «ካርድ» የሚለው ስም ግን አልተለወጠም። በእኛም ዘንድ የሰላምታውም የሐኪም ቤቱም የስልኩም ካርድ፣ ካርድ ነው።

4. ስም ያጣው ክፍል

ቀረጻን የሚመለከተው ክፍል በአማርኛ ስም እንኳ የለውም። ለምን እንደሚያስፈልግ ቀላል ስሌት ያሳየናል። 1920 በ1080 ነጥቦች ያሉት አንድ ምስል 2,073,600 ነጥቦች አሉት። ለእያንዳንዱ ነጥብ 3 ባይት፣ በሴኮንድም 60 ምስል ቢታሰብ ድምሩ በሴኮንድ 373,248,000 ባይት ይሆናል። ይህ ሳይታመቅ ቢቀመጥ ያ ወጣት የገዛው 500 ጊጋባይት ጎተራ በ23 ደቂቃ ውስጥ ይሞላል። ስለዚህ ምስሉ በተቀረጸበት ቅጽበት መታመቅ አለበት።

ቀድሞ ይህን ሥራ የሚሸከመው ማዕከላዊው አስሊ ነበር። ለአንድ ምስል ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሴኮንድ ገደማ ስለ ሆነ፣ ጨዋታውና እመቃው በአንድ ወፍጮ ሲሻሙ ሁለቱም ይጎዳሉ። ኢንቴል በ2011፣ ኤንቪዲያ ደግሞ በ2012 እ.ኤ.አ. ለእመቃ ብቻ የሚሠራ ክፍል በአስሊዎቻቸው ውስጥ አስገቡ፤ በዚህም በአነስተኛ ገንዘብ መቅረጽ ተቻለ። ሆኖም ሁሉም ዕቃ ይህ ክፍል አለው ማለት አይደለም። በ2017 የወጣው ጂቲ 1030ና በ2022 የወጣው አርኤክስ 6500 ኤክስቲ «ቪዲዮ ካርድ» ይባሉ እንጂ ቪዲዮ የሚያምቅ ክፍል የላቸውም። ከ2019 ጀምሮ በስማቸው መጨረሻ «ኤፍ» የተጨመረባቸው የኢንቴል አስሊዎችም የውስጥ ምስል ክፍላቸው ስለማይሠራ ከእርሱ ጋር እመቃውን ያጣሉ። ርካሽ የሚፈልገው ገዢ የሚያተኵረው በእነዚሁ ላይ ስለ ሆነ፣ ስም የሌለውን ነገር ሳይጠይቅ ይቀራል፤ ያልጠየቀውም አይሰጠውም።

5. የስያሜ ሐሳብና መደምደሚያ

ከላይ በተዘረዘረው መሠረት ስያሜው ከመልክ ሳይሆን ከሥራ ቢወጣ ይሻላል እንላለን። ለሲፒዩ «ማዕከላዊ አስሊ»፣ ለሣጥኑ «ቀፎ»፣ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ባዶ ለሚሆነው «የሥራ ትውስታ»፣ ለዲስክና ለመሰሎቹ «ማከማቻ»፣ ለጂፒዩ «ምስል አስሊ»፣ ስም ላጣው ክፍል «ቪዲዮ አማቂ» የሚሉትን ለውይይት እናቀርባለን። የባዕዱን ቃል ከሱቅ ለማባረር አይደለም፤ ገዢው በየትኛውም ቃል ቢጠቀም ስድስት ነገሮች መኖራቸውን እንዲያውቅ ነው።

በዚህ የስያሜ ዝርዝር የሚመራ ሰው ገንዘቡን የሚያውልበትን አያጣም። ከሁሉ አስቀድሞ ቪዲዮ አማቂ ያለው ምስል አስሊ ይፈልጋል፤ ከገንዘቡም ትልቁን ድርሻ ለዚህ ያውላል። ቀጥሎ ከዚሁ ጋር የሚመጣጠን ማዕከላዊ አስሊ፣ 16 ጊጋባይት የሥራ ትውስታ፣ በተቻለ መጠንም ለሁለት ተከፍሎ በጥንድ የሚሰካ፣ ከዚያም ፈጣን ማከማቻ ይመርጣል። በኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ላይ አይሰስትም፤ እርሱ ቢበላሽ ሌላውን ይዞ ሊጠፋ ይችላልና። ከቀፎው ውበት ላይ ግን ያለ ሥጋት ሊቀንስ ይችላል።

ወጣቱ ዘመዳችን ዳግመኛ ገንዘብ እያጠራቀመ ነው። በዚህ ጊዜ የሚጠይቃቸውን ነገሮች አንድ በአንድ በወረቀት ጽፎ አሳይቶናል፤ ከዝርዝሩም የመጀመሪያው «ቪዲዮ አማቂ አለው ወይ?» የሚል ነው። ሻጩ ቃሉን ላያውቀው ይችላል። ይሁን እንጂ ምን ማለት እንደ ሆነ መልሶ መጠየቁ አይቀርም፤ ጥያቄውም ውይይት ይከፍታል። አንድ የሙያ ቃል ይህን ያህል ከሠራ የተፈጠረበትን ድካም ክሷል።