የማፔት አሻንጉሊቶች

የማፔት አሻንጉሊቶች አሜሪካዊው ጂም ሄንሰንና ባልደረቦቹ በፈጠሯቸው የቴሌቪዥንና የፊልም ገጸ ባሕርያት አምሳል ለገበያ የሚሠሩ መጫወቻዎችና የስብስብ ዕቃዎች ናቸው። ከገጸ ባሕርያቱ መካከል እንቁራሪቱ ከርሚት፣ አሳማዋ ሚስ ፒጊ፣ ቀዩ ኤልሞ እና ትልቁ ቢጫ ወፍ ቢግ በርድ በሰፊው ይታወቃሉ። አንድ ገጸ ባሕርይ ብዙ ጊዜ በሁለት ዓይነት ዕቃ መልክ ይሸጣል። አንደኛው ልጅ እንዲጫወትበት የተሠራ ሲሆን ሁለተኛው አዋቂ አድናቂ ገዝቶ እንዲያስቀምጠው የተሠራ ነው። ሁለቱ በመልክ ቢመሳሰሉም በተሠሩበት ነገር፣ በዋጋቸውና በሚገዛቸው የደኅንነት ሕግ ይለያያሉ። ለአዋቂ የተሠራው ዕቃ ለትንሽ ልጅ ቢሰጥ አደጋ ሊያስከትል ስለሚችል ልዩነቱ ከሰብሳቢዎች አልፎ ወላጆችንም ይመለከታል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ስያሜ

በአማርኛ «አሻንጉሊት» የሚለው ቃል ልጅ አቅፎ የሚጫወትበትንም ሆነ ሰው እጁን ከውስጡ አስገብቶ የሚያናግረውን ያጠቃልላል። ለማለያየት ያህል በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በእጅ ወይም በዘንግ እየተንቀሳቀሰ ትርዒት የሚቀርብበት «የትርዒት አሻንጉሊት» ይባላል። በዚያ አምሳል ለልጅ የሚሸጠው «መጫወቻ»፣ ለአዋቂ የሚሸጠው ደግሞ «የስብስብ ዕቃ» ተብሏል። የኢትዮጵያ ተመልካቾች የትርዒት አሻንጉሊትን ከሚያውቁባቸው ፕሮግራሞች አንዱ ከ2005 ጀምሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የቀረበው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ነው። የዚህ ፕሮግራም ዋና ገጸ ባሕርይ ፀሐይ የተባለች ቀጭኔ ናት።

ማፔት የሚለው ስም የሄንሰን የራሱ ፈጠራ ሲሆን በንግድ ምልክትነት የተመዘገበ ነው። ስለዚህ ማንኛውም የትርዒት አሻንጉሊት ማፔት ተብሎ አይጠራም።

የገጸ ባሕርያቱ አመጣጥ

ጂም ሄንሰን (1936–1990) በ1955 በዋሽንግተን ከተማ በሚገኝ የቴሌቪዥን ጣቢያ «ሳም ኤንድ ፍሬንድስ» የተባለ አጭር ፕሮግራም ማቅረብ ጀመረ። የመጀመሪያውን ከርሚት የሠራው ከእናቱ አሮጌ ካፖርት ሲሆን፣ ለዓይኖቹ የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ለሁለት ከፍሎ ተጠቀመ። በዚያን ጊዜ ከርሚት ገና እንቁራሪት ተብሎ አልተሰየመም ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ ሮልፍ የተባለው ውሻ በ«ጂሚ ዲን ሾው» ላይ በመታየቱ ታዋቂ ሆነ። አይዲያል የተባለው መጫወቻ አምራችም የሮልፍንና የከርሚትን የእጅ አሻንጉሊቶች ለገበያ አቀረበ።

ኅዳር (ኖቬምበር) 10 ቀን 1969 «ሰሰሚ ስትሪት» የተባለው የልጆች ትምህርታዊ ፕሮግራም በአሜሪካ ሥርጭቱን ጀመረ። ቢግ በርድ፣ ኧርኒ፣ በርትና ኩኪ ሞንስተር ከዚህ ፕሮግራም የወጡ ናቸው። ሄንሰን ገጸ ባሕርያቱን ለመጫወቻ ንግድ ለማዋል መጀመሪያ ላይ ብዙም ፍላጎት አልነበረውም። በኋላ ከገቢው የተወሰነው ፕሮግራሙን መደገፊያ እንዲሆን ተስማማ።

ሄንሰን ሥራው ለልጆች ብቻ ተደርጎ እንዲታይ አይፈልግም ነበር። በ1975 የተጀመረው የአዋቂዎች አስቂኝ ፕሮግራም «ሳተርደይ ናይት ላይቭ» በመጀመሪያ ዓመቱ የሄንሰንን የትርዒት አሻንጉሊቶች ያቀርብ ነበር። ከ1976 እስከ 1981 በእንግሊዝ አገር የተቀረጸው «ዘ ማፔት ሾው» ደግሞ በ120 ክፍሎቹ ታዋቂ ዘፋኞችንና ተዋንያንን እየጋበዘ ቤተሰቡን በሙሉ ከቴሌቪዥን ፊት አስቀምጧል። ልጁ በአሻንጉሊቶቹ ሩጫና መውደቅ ሲስቅ ወላጁ በንግግራቸው ይስቅ ነበር። ለማፔት አሻንጉሊቶች ሁለት ዓይነት ገዢ የተገኘው ከዚህ የተነሳ ነው።

ዛሬ የገጸ ባሕርያቱ ባለቤት አንድ አይደለም። የሰሰሚ ስትሪት ገጸ ባሕርያት ከ2000 መጨረሻ ጀምሮ የሰሰሚ ወርክሾፕ ንብረት ሲሆኑ፣ ከርሚትንና ሚስ ፒጊን ጨምሮ የ«ማፔት ሾው» ገጸ ባሕርያት በ2004 በዲዝኒ ተገዝተዋል። ስለዚህ የኤልሞን መጫወቻ የሚሠራ ፋብሪካ የከርሚትን ለመሥራት ሌላ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ለልጆች የሚሠሩ መጫወቻዎች

የልጆች መጫወቻ የሚሠራው እንደሚታቀፍ፣ እንደሚጎተት፣ እንደሚወድቅና ወደ አፍ እንደሚገባ ታስቦ ነው። ብዙውን ጊዜ በጨርቅ ተሰፍቶ በለስላሳ ነገር ይሞላል። በተለይ ለሕፃናት በሚሠራው ላይ ዓይኑ በቀላሉ እንዳይነቀል ተጣብቆ ወይም በክር ተጠልፎ ይሠራል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ፊሸር-ፕራይስ የሠራቸው የከርሚትና የሌሎች ማፔቶች መጫወቻዎች የዚህ ዓይነት ምሳሌ ናቸው።

ከሁሉም በላይ ስሙ የተነሳው በ1996 ታይኮ ያወጣው የሚስቅ ኤልሞ ነው። ይህ መጫወቻ ሰውነቱ ሲጫን ይስቃል፤ ደጋግመው ሲጫኑት ደግሞ እየሳቀ ይንቀጠቀጣል። በዚያ ዓመት የገና ሰሞን ፋብሪካው ከገመተው በላይ ተፈላጊ ሆኖ ከመደብሮች ጠፋ። በመደብር ከ30 ዶላር ባነሰ ዋጋ ይሸጥ የነበረው ኤልሞ በጋዜጣ ማስታወቂያና በኢንተርኔት አማካይነት በመቶዎች ዶላር ተቸበቸበ። በካናዳ ፍሬድሪክተን ከተማ አንድ የመደብር ሠራተኛ ለኤልሞ በተሻማ ሕዝብ ተረግጦ ክፉኛ ተጎድቷል። በዚህ አጋጣሚ ለትንንሽ ልጆች የተሠራ መጫወቻ ለአትራፊዎች የንግድ ዕቃ ሆነ። ብዙ ወላጆችም ለልጆቻቸው ሳያገኙት በዓሉ አለፈ።

ለአዋቂዎች የሚሠሩ የስብስብ ዕቃዎች

«ማፔት ሾው»ን በልጅነታቸው ያዩ ሰዎች በ2000ዎቹ መጀመሪያ የራሳቸው ገቢ ያላቸው አዋቂዎች ሆነው ነበር። ፓሊሴድስ የተባለው አሜሪካዊ ኩባንያ ከ2002 ጀምሮ ለእነዚህ ሰዎች መገጣጠሚያቸው የሚታጠፍ የፕላስቲክ ምስሎችን አወጣ። ኩባንያው ከዋነኞቹ ገጸ ባሕርያት ሌላ በፕሮግራሙ ላይ አልፎ አልፎ የሚታዩትንም ሠርቷል። የስዊድኑ ወጥ ቤት ማድ ቤት፣ የማፔቶች ላቦራቶሪና የሙዚቃ ባንዱ መድረክም ከነዕቃዎቻቸው ተሠርተው ነበር። ድስቱ፣ ማንኪያውና የሙዚቃ መሣሪያው ተነጥሎ የሚወጣ ጥቃቅን ዕቃ በመሆኑ ለሰብሳቢ ማራኪ፣ ለሕፃን ግን የማይሆን ነው። ኩባንያው በ2006 ሥራውን አቆመ፤ ምስሎቹ ግን ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣሉ።

ሌላው ዓይነት የትርዒት አሻንጉሊቱን በልኩና በመልኩ የሚመስል ቅጂ ነው። ማስተር ሬፕሊካስ የተባለው ኩባንያ በተወሰነ ቁጥር የሠራው ከርሚት በዚህ ይታወቃል። በ2008 ደግሞ በኒው ዮርክ የሚገኘው ኤፍ ኤ ኦ ሽዋርዝ የመጫወቻ መደብር ገዢው ዓይን፣ አፍንጫ፣ ፀጉርና ልብስ መርጦ የራሱን የማፔት አሻንጉሊት የሚያሠራበት ክፍል ከፍቷል።

የዕድሜው ድንበር ሁልጊዜ ፕሮግራሙ ከተሠራለት ተመልካች ጋር አይገጥምም። ሌጎ በ2020 ያወጣው የሰሰሚ ስትሪት መንደር 1,367 ቁርጥራጮች ያሉት ሲሆን በሳጥኑ ላይ «18+» የሚል ተጽፎበታል። ይኸው ኩባንያ በ2022 ያወጣቸው 12 ትንንሽ የማፔት ምስሎች ግን «5+» የሚል ምልክት አላቸው። ይህም ማለት ፊደል ለሚቆጥሩ ልጆች የተዘጋጀው ፕሮግራም ለአዋቂ፣ ለአዋቂም ጭምር የተዘጋጀው ፕሮግራም ለልጅ የሚሸጥ ዕቃ ሆኖ ወጥቷል።

ሕግና ደኅንነት

ለትንንሽ ልጆች ትልቁ አደጋ ጥቃቅን ክፍሎችን ውጦ መታነቅ ነው። በአሜሪካ ዕድሜያቸው ከ3 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች በሚሠራ መጫወቻ ላይ ጥቃቅን ክፍሎች እንዳይኖሩ ተከልክሏል። ለመፈተሻ የሚያገለግለው የ31.7 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ባዶ ሲሊንደር ነው። ሳይጨመቅ ሙሉ በሙሉ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባ ክፍል ጥቃቅን ክፍል ይባላል።

ሁለተኛው አደጋ በቀለም ውስጥ የሚገኝ እርሳስ የተባለው ብረት ነው። እርሳስ በሰውነት ውስጥ ሲከማች የልጆችን የአእምሮ ዕድገት ይጎዳል። በነሐሴ (ኦገስት) 2007 ፊሸር-ፕራይስ በቀለማቸው ውስጥ ከተፈቀደው በላይ እርሳስ ሊኖር እንደሚችል በመታወቁ በአሜሪካ የተሸጡ 967,000 ያህል መጫወቻዎችን ከገበያ እንዲሰበሰቡ አድርጓል። ከነዚህም መካከል የኤልሞና የቢግ በርድ መጫወቻዎች ይገኙበት ነበር። በዚያ ዓመት በተከታታይ ከታዩ ተመሳሳይ ችግሮች በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት በ2008 የመጫወቻ ደኅንነት ሕጉን አጠበቀ። በአዲሱ ሕግ ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች የሚሠራ ዕቃ ከፋብሪካው ውጭ በሆነ ላቦራቶሪ መመርመር አለበት።

በአውሮፓ ኅብረት በ2009 የወጣው የመጫወቻ መመሪያ ከ14 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ለጨዋታ የሚሠሩ ዕቃዎችን ይመለከታል። ለሰብሳቢ የተሠራ ዕቃ ዕድሜያቸው 14 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰብሳቢዎች መሆኑ በግልጽ ከተጻፈበት እንደ መጫወቻ አይቆጠርም።

ሆኖም «ለአዋቂ ሰብሳቢ» የሚል ጽሑፍ መለጠፍ ብቻውን አምራቹን ከሕጉ አያስመልጥም። የአሜሪካ ሕግ ከጽሑፉ በተጨማሪ ማሸጊያውንና ማስታወቂያውን፣ ሰዎች ዕቃውን በተለምዶ ለማን እንደሚገዙት፣ እንዲሁም የልጆችን ዕድገት መሠረት ያደረጉ የዕድሜ መመሪያዎችን ይመለከታል። ለስላሳና ታቃፊ የሆነ ርካሽ ኤልሞ ሳጥኑ ላይ ምንም ቢጻፍበት የልጅ መጫወቻ መሆኑ አይቀርም።

ገዢው በማሸጊያው ላይ ሊያያቸው የሚገቡ ዋና ዋና ምልክቶች የሚከተሉት ናቸው፦

- በቀይ ክብ ውስጥ «0-3» ከሚል ጽሑፍና ከሕፃን ፊት ጋር የተሰረዘ ምልክት፦ ዕቃው ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም።
- «3+»፣ «5+» የመሳሰሉት ቁጥሮች፦ ከዚያ ዕድሜ ጀምሮ ላሉ ልጆች የተሠራ ነው። ቁጥሩ በዋናነት የሚያመለክተው ደኅንነትንና የዕድገት ደረጃን ስለሆነ ጎበዝ ልጅ ቢሆንም ሊታለፍ አይገባውም።
- «14+» ወይም ለሰብሳቢ የሚል ጽሑፍ፦ ዕቃው እንደ ልጅ መጫወቻ ላይመረመር ይችላል።

ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ ሳጥኑ ብዙውን ጊዜ አብሮ ስለማይኖር እነዚህ ምልክቶች አይገኙም። ከ2008ቱ ሕግ በፊት የተሠሩ ባለቀለም የፕላስቲክ መጫወቻዎች አሁን ባለው መለኪያ ያልተመረመሩ ስለሆኑ በመደርደሪያ ላይ ቢቀመጡ እንጂ ለሕፃን ባይሰጡ ይመረጣል።

ዋጋና አጠባበቅ

በሰብሳቢዎች ዘንድ የአንድ ዕቃ ዋጋ የሚወሰነው በብርቅነቱ፣ በንጽሕናው፣ ተነጣይ ዕቃዎቹ በመሟላታቸውና ሳጥኑ ባለመከፈቱ ነው። የልጆች መጫወቻ ግን የተሠራለትን ዓላማ የሚፈጽመው ሳጥኑ ሲከፈት ነው። ብዙ የድሮ መጫወቻዎች ዛሬ ብርቅ የሆኑትም ልጆች ተጫውተውባቸው ስላለቁ ነው። በ1970ዎቹ የተሠራ ከርሚት ሳይነካ ከተገኘ ውድ የሚሆነው አብረውት የተሸጡት ተቀደው፣ ደብዝዘውና ተጥለው ስላለቁ ነው። በአንጻሩ ገና ከጅምሩ ለሰብሳቢ ተብሎ የወጣ ዕቃ ሁሉም ገዢ ሳይከፍት ስለሚያስቀምጠው ከዓመታት በኋላም በብዛት ሊገኝና ዋጋው ላይጨምር ይችላል።

ዕቃዎቹ ሳይነኩ ቢቀመጡም ከጊዜ ብዛት ይጎዳሉ። በትርዒት አሻንጉሊቶችና በአንዳንድ ቅጂዎች ውስጥ ያለው ስፖንጅ በአየርና በብርሃን ምክንያት ይደርቅና ይፈረፈራል። ፕላስቲክ ለፀሐይ ሲጋለጥ ቀለሙ ይለወጣል፤ አንዳንዱ ዓይነት ደግሞ ውሎ አድሮ ይጣበቃል። በመጫወቻ ውስጥ የተረሳ ባትሪ ፈሳሽ አውጥቶ የውስጡን ሽቦ ይበላል። በዚህ ምክንያት ሰብሳቢዎች ዕቃቸውን ከፀሐይ ብርሃን፣ ከሙቀትና ከእርጥበት ርቆ እንዲቀመጥ ያደርጋሉ፤ ባትሪውንም ያወጣሉ።

ሙዚየሞች

ለትርዒት ያገለገሉት የመጀመሪያዎቹ አሻንጉሊቶች በአብዛኛው ለሽያጭ አይቀርቡም። ከካፖርት የተሠራው የ1955ቱ ከርሚት ከሌሎች የ«ሳም ኤንድ ፍሬንድስ» አሻንጉሊቶች ጋር በ2010 በዋሽንግተን ለሚገኘው የስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም በስጦታ ተሰጥቷል። በአትላንታ የሚገኘው የትርዒት አሻንጉሊት ጥበብ ማእከልም ከሄንሰን ቤተሰብ የተረከበውን ሰፊ ስብስብ ይዟል፤ ከ2015 ጀምሮም በአዲስ አዳራሽ ለሕዝብ ያሳያል። በሁለቱም ቦታ አሻንጉሊቶቹ በመስታወት ውስጥ ሲሆኑ በአምሳላቸው የተሠሩ የልጆች መጫወቻዎች ግን ዛሬም በየመደብሩ ይሸጣሉ።