ከአቡጀዲ እስከ ቦሌ ለሚ

በጠዋት ወደ ምሥራቅ አዲስ አበባ ብትሄዱ፣ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ በር ላይ ወደ ሥራ የሚጣደፉ ብዙ ወጣት ሴቶች ታያላችሁ። ውስጥ ገብተው አንዷ እጅጌ ትሰፋለች፣ ሌላዋ ኮሌታ፤ ያለቀው ልብስ ታሽጎ ወደ ውጭ ይላካል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲከፈት ትልቅ ተስፋ ከተጣለባቸው ገበያዎች አንዱ አሜሪካ ነበር። ከዛሬ መቶ ዓመት በፊት ግን ጨርቁ የሚጓዘው በተቃራኒው ነበር፦ ከአሜሪካ ወደ እኛ።

መጀመሪያ ስለ ጥጡ። ጥጥ ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና በኖባ ላይ ስላደረገው ዘመቻ ባስቀረጸው ጽሑፍ ላይ፣ ካጠፋቸው ነገሮች መካከል ጥጥን ይጠቅሳል። ጠላትን ለመጉዳት ጥጡን ማጥፋት ካስፈለገ፣ ጥጥ ሀብት ነበር ማለት ነው።

አንዷ የጥጥ ፀጉር ከፍሬው ቅርፊት ላይ የምትወጣ አንዲት ሴል ናት። ስትደርቅ እንደ ጠፍጣፋ ሪባን ሆና ትጠማዘዛለች። ይቺ ጥምዝምዝ ናት ከጎረቤቷ ጋር የምታያይዛት፤ ጥጥ በእንዝርት ሲሾር ክር የሚሆነውም ለዚህ ነው። ግን ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ! ጥጡ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣል፣ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፣ ከዚያ ሴቶች ይፈትሉታል። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከቶ መወርወሪያውን ከመያዙ በፊት የብዙ ቀን ድካም አልፏል። ከሽመናው ይበልጥ ጊዜ የሚበላው ፈትሉ ነው።

የፋብሪካ ጨርቅ ያሸነፈው እዚህ ላይ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአሜሪካ ፋብሪካዎች የሚመጣው ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ፣ እኛ አቡጀዲ የምንለው፣ በምሥራቅ አፍሪካ ገበያ ተስፋፋ። ለሱሪ፣ ለድንኳን፣ ለከፈን ሳይቀር ሆነ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1903 ሮበርት ስኪነር የሚባል የአሜሪካ ልዑክ አዲስ አበባ መጥቶ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲፈራረም፣ ከጀርባው የነበረው አንድ ትልቅ ጉዳይ ይኸው ጨርቅ ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ ደግሞ የጃፓን ጨርቅ ገበያውን ያዘው።

ታዲያ ሸማኔው ለምን አልጠፋም? እኔ እንደሚመስለኝ ብልህ ስለነበረ ነው። ከፋብሪካው ጋር ከመታገል ክሩን ገዛው። ድር ተወጥሮ ስለሚቆም ጠንካራና እኩል ክር ይፈልጋል፤ ለዚያ የፋብሪካ ክር ይመቻል። ማጉ ግን የእጅ ፈትል ሆኖ ቀረ፤ የጋቢን ልስላሴና ሙቀት የሚሰጠው እሱ ነውና። ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ «ፈትል ነው?» ብላችሁ ስትጠይቁ፣ የምትጠይቁት ስለ ማጉ ነው።

ቦሌ ለሚ ላይ ታሪኩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው አጎዋ የተባለው የአሜሪካ ሕግ ከአፍሪካ ለሚሄድ ልብስ ቀረጥ አንስቶ ነበር። እንደ ኢትዮጵያ ያሉ አገሮች ጨርቁን ከየትም አምጥተው ቢሰፉት እንኳ ይፈቀድላቸው ነበር። ስለዚህ ልብሱ እዚህ ቢሰፋም ጨርቁ በአብዛኛው ከእስያ የመጣ ነው። ከጥር 1 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኢትዮጵያ ከጦርነቱ ጋር በተያያዘ ከአጎዋ ወጣች። ለአንድ የጥጥ ቲሸርት 16.5 በመቶ፣ ለሰው ሠራሽ ክር ደግሞ እስከ 32 በመቶ ቀረጥ መጣ። ጨርቁም ገዢውም ከውጭ የሆነ ፋብሪካ እንዲህ ሲሆን ለመቆየት ብዙ ምክንያት የለውም፤ መጀመሪያ የሚጎዱትም እነዚያ በጠዋት የሚጣደፉት ልጆች ናቸው።

እቤት ነጠላ ካለ አንድ ነገር ሞክሩ። ወደ መስኮት ይዛችሁ በብርሃን እዩት። በአንዱ አቅጣጫ ያለው ክር ቀጥ ያለና እኩል ከሆነ ድሩ ነው፣ ከፋብሪካ የመጣ። በሌላው በኩል አንዴ ወፈር አንዴ ቀጠን የሚል ካገኛችሁ፣ እሱን አንዲት ሴት በእንዝርት ፈትላዋለች።