ኳሷ እስክታርፍ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ የቁስቋም ንፋስ ቃሌን ሳይቀማኝ ልንገራችሁ። ከእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ፍርስራሽ አጠገብ ተቀምጠን የማወራችሁ የነገሥታት ወሬ አይደለም፤ የሜዳ ቴኒስ ነገር ነው።

እኛ ጨዋታን በጆሯችን ማየት የለመድነው በጨዋታ ተራኪው በደምሴ ዳምጤ ነው። በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በመለያ ምት ረትታ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ የነበረውን ደስታ ዛሬም የምናስታውሰው በእሱ ድምፅ ነው። እግር ኳስ እንዲህ ያለውን የማይነጥፍ አንደበት ይወዳል። ቴኒስ ግን ሌላ ጆሮ ይፈልጋል።

እንግሊዛዊው ዳን ማስክል (ከዚህ በኋላ ዓመቱን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥርላችሁ) በዊምብልደን ክለብ አሰልጣኝ የነበረ ሰው ነው። በ1933 ብሪታንያ የዴቪስ ዋንጫን ስታነሳ ከቡድኑ ጋር ነበር። በኋላ ማይክሮፎን ጨበጠና እስከ 1991 ድረስ የቢቢሲ የዊምብልደን ድምፅ ሆነ። ታዲያ በምን የታወቀ ይመስላችኋል? በዝምታው! ኳሷ እየተመላለሰች ሳለ አፉን ይይዛል፤ ስታርፍ ሁለት ሦስት ቃል ይበቃዋል።

ይህ ዝምታ የመጣው ከአሰልጣኝ ዐይን ነው። ልብ ብላችሁ እዩ፦ ኳስ ተቀባዩ፣ ተጋጣሚው ሊመታ እጁን ሲሰነዝር፣ ዘለል ብሎ በሁለት እግሩ ያርፋል። ከዚያ ነው ወደ ግራ ወይ ወደ ቀኝ የሚወነጨፈው። ያቺ ትንሽ ዝላይ ከዘገየች ነጥቡ ገና ሳይመታ ሄዷል። ተመልካቹ እጁን ይወቅሳል፤ አሰልጣኙ ግን እግሩን አይቷል። አይቶም ዝም! ሕጉ ነዋ። በትልልቆቹ ውድድሮች ከመቀመጫ ሆኖ ተጫዋችን መምከር ለብዙ ዘመን ያስቀጣ ነበር። በ2018 የአሜሪካ ኦፕን ፍጻሜ ሴሬና ዊሊያምስ በአሰልጣኟ የእጅ ምልክት ምክንያት ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ እሷ ምንም አልተቀበልኩም ብላ ተቆጣች፣ እሱ ግን ምልክት መስጠቱን አመነ። አሰልጣኝ እንደ ቅኔ መምህር ነው፤ ተማሪው ቅኔውን እስኪጨርስ ጠብቆ ነው የሚያርመው።

አሁን ወደ ልጆቻችን። ኤልያስና ሚካኤል ይመር ስዊድን ተወልደው ያደጉ፣ ወላጆቻቸው ኢትዮጵያውያን የሆኑ ወንድማማቾች ናቸው። አባታቸው የረጅም ርቀት ሯጭ ነበር። ኤልያስን ያሰለጠነው ሮቢን ሶደርሊንግ ነው፤ በ2009 ራፋኤል ናዳልን በፈረንሳይ ኦፕን፣ በሮላን ጋሮስ፣ በማሸነፍ የመጀመሪያው የሆነው ያ ሶደርሊንግ። በ2016 ወንድማማቾቹ በስቶክሆልም ኦፕን ጥንድ ሆነው ገቡ። ጥንድ ሲጫወቱ ደግሞ መካሪው እዚያው ሜዳው ውስጥ፣ ጎንህ ነው፤ ማንም አይከለክልህም። ፍጻሜውን 6 ለ 1፣ 6 ለ 1 ጨርሰው ዋንጫውን ወሰዱ።

ሚካኤል በ2023 የዓለም 50ኛ ደረጃ ደረሰ። በዚያው ዓመት ዊምብልደን ላይ ከአሜሪካዊው ቴይለር ፍሪትዝ ጋር ገጠመ። የመጀመሪያውን ዙር 3 ለ 6፣ ሁለተኛውን 2 ለ 6 ተሸነፈ። አለቀለት ያላለ ማን ነበር? ከዚያ 6 ለ 3፣ 6 ለ 4፣ 6 ለ 2! ያንን ቀን በአማርኛ የሚተርክልን ሰው አለመኖሩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ደምሴን ያፈራ ቋንቋ ለዚህ አያንስም፤ የሚያስፈልገው ያቺን የእግር ዝላይ ያየ፣ ኳሷ እስክታርፍም የሚታገስ ሰው ነው።

የሚካኤል ደስታ ግን አልቆየም። በዚያው ዓመት ሐምሌ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ለአበረታች መድኃኒት ምርመራ ባለመገኘቱ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱ 18 ወር አገደው። ከጨዋታ ወጥቻለሁ አለ። ቅጣቱን ጨርሶ ግን በ2025 ራኬቱን መልሶ አነሳ። ከዚያው ዓመት መባቻ ጀምሮ የዓለም አቀፉ ቴኒስ ፌዴሬሽን ሕግ ከመቀመጫ ምክር መስጠትን ፈቅዷል፤ አሰልጣኙም አሁን በሁለት ነጥቦች መካከል አጭር ቃል መጣል ይችላል።