ተጠባባቂ

በማይክሮዌቭ ሬዲዮ ባለሙያዎች ዘንድ ተጠባባቂ፣ «ሆት ስታንድባይ» ከተባለ፣ መጋዘን የተቀመጠ መለዋወጫ ሳይሆን ሜዳ ዳር የሚያሟሙቅ ተቀያሪ ነው። ሲጻፍ 1+1 ተብሎ ነው። ሁለተኛው ሬዲዮ ኤሌክትሪክ አግኝቶ፣ በዋናው ፍሪኩዌንሲ ተስተካክሎ ይቆማል፤ ላኪው ብቻ ዝም ይላል፣ ተቀባዩ ግን ከዋናው እኩል ያዳምጣል። ዋናው ሲበላሽ መቀያየሪያው ሥራውን ወደ ተጠባባቂው ያዞራል።

ሁለቱን ከአንድ አንቴና ጋር የሚያገናኘው ከፕለር ግን ነፃ አይደለም። እኩል የሚያካፍል ከሆነ በየጫፉ 3 ዲሲቤል ያህል፣ ማለትም ግማሹን ኃይል ይበላል። ለዚህም ነው ብዙ ጊዜ ለዋናው የሚያደላ የሚመረጠው፤ አድልዎ የሚመሰገንበት ቦታ ቢኖር ይሄ ነው።

ቃሉ የማይሸፍነው ከባድ ዝናብን ነው። ሁለቱም በአንድ አየር ውስጥ ስለሚያልፉ፣ ዶፉ ዋናውን ሲያፍነው ተጠባባቂውንም አብሮ ያፍነዋል።